የቤት የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ የተሳሳተ ንባብ ሲያሳይ፦ መንስኤውን የመለያና የማስተካከያ መመሪያ
(ለጎንደር ከተማና ለሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢ ተጠቃሚዎች)

መግቢያ

የቤት የአየር ሁኔታ መለኪያ ጣቢያ በግቢ ውስጥ ወይም በጣሪያ ላይ ተተክሎ የሙቀት መጠንን፣ የአየር እርጥበትን፣ የአየር ግፊትን፣ ዝናብንና ነፋስን የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ ነው። የለካውንም በገመድ አልባ ግንኙነት ቤት ውስጥ ወዳለው ማሳያ ያስተላልፋል። በማራኪና በሌሎች የጎንደር ክፍለ ከተሞች፣ እንዲሁም በዳባትና በደባርቅ ይህን መሰል መሣሪያ በመኖሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤት ወይም በእርሻ ማሳ አጠገብ ለሚጠቀሙ ወገኖች ይህ መመሪያ ተዘጋጅቷል።

በጎንደር ዝናብን በግቢ ውስጥ መለካት አዲስ ነገር አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 በጎንደር፣ በ1771 ደግሞ በቁስቋም የዘነበውን ዝናብ በፈነል እየተቀበለ ለክቶ መዝግቧል። በአገር አቀፍ ደረጃ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ራሱን ችሎ በአዋጅ የተቋቋመው በ1973 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሥራው ዛሬ በኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይከናወናል። ከኢንስቲትዩቱ ጣቢያዎች መካከል ዝናብን ብቻ የሚለኩ በርካታ አነስተኛ ጣቢያዎች ይገኙበታል። ከእነዚህም የሚሰበሰበው መረጃ ዋጋ የሚኖረው በየዕለቱ በትክክል ሲመዘገብ ነው። ይህ መርሕ ለቤት ጣቢያም ይሠራል።

የአንድ ቁጥር ትክክለኛነት በአካባቢው ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የዝናብ እጥረት በማጋጠሙ ጃን አሞራን ጨምሮ በሰሜን ጎንደር ዞን ወረዳዎች ድርቅ ተከስቷል። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጠለምት ወረዳ በከባድ ዝናብ ሳቢያ በደረሰ የመሬት መንሸራተት የሰው ሕይወት አልፏል። በድርቅ ጊዜም ሆነ በዶፍ ጊዜ «ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል። ፈነሉ በቅጠል የተደፈነ መሣሪያ ዝናብ ጥሎ ሳለ ዜሮ ይመዘግባል፤ ምሰሶው የሚወዛወዝ መሣሪያ ደግሞ ያልዘነበ ዝናብ ይቆጥራል። ሁለቱም ስህተቶች ገበሬውን በዘር ወቅት፣ ነዋሪውንም በጎርፍ ጊዜ ሊያሳስቱ ይችላሉ።

1. ከመጠገን በፊት ስህተቱን መለየት

አጠራጣሪ ቁጥር የታየበት መሣሪያ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ለአጠራጣሪ ንባብ አራት ምክንያቶች ሊኖሩ ይችላሉ፤ እነሱም የአሞላል ስህተት (ሰዓት፣ ከፍታ፣ የመለኪያ አሃድ)፣ የአተካከል ስህተት (ቦታ፣ ጥላ፣ ግድግዳ፣ ዛፍ)፣ የመሣሪያው ብልሽት ወይም መቆሸሽ፣ እና ትክክለኛ ሆኖ ሳለ ያልተጠበቀ የአየር ሁኔታ ናቸው። ምክንያቱን ሳይለዩ መሣሪያውን መፍታት ወይም ቁጥሩን ማስተካከል ጥፋቱን ያባብሳል።

ምክንያቱን ለመለየት ከሁሉ የሚጠቅመው ስህተቱ መቼ እንደሚታይ መመልከት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ምልክቶች መነሻ ይሆናሉ።

• ስህተቱ ቀንም ሌሊትም በተመሳሳይ መጠን ከታየ፣ መንስኤው የአሞላል ስህተት ወይም የሴንሰር መዛባት ነው።
• ስህተቱ ፀሐይ ባለበት ሰዓት ብቻ ከታየ፣ መንስኤው የአተካከል ጉድለት ነው።
• ንባቡ ለብዙ ሰዓታት ሳይለወጥ በአንድ ቁጥር ላይ ከቆመ፣ ሴንሰሩ ተጣብቋል ወይም ግንኙነቱ ተቋርጧል።
• ንባቡ በድንገት ዘልሎ ወዲያው ከተመለሰ፣ የባትሪ መድከም ወይም የገመድ መላላት ሊሆን ይችላል።
• ንባቡ ከወር ወደ ወር ቀስ በቀስ ከሸሸ፣ ሴንሰሩ አርጅቷል ወይም ቆሻሻ ተጠራቅሞበታል።

2. ሰዓት፣ ቀንና የመለኪያ አሃድ

በአገራችን ልዩ ትኩረት የሚሻው የሰዓት አሞላል ነው። ከውጭ የሚገቡት መሣሪያዎች ቀኑን የሚጀምሩት ከእኩለ ሌሊት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ መሣሪያው ሊሞላ የሚገባው 9:00 ተብሎ ነው። በስህተት 3:00 ተብሎ ከተሞላ የመሣሪያው ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። በዚህም የተነሳ ሌሊት የዘነበው ዝናብ በሌላ ቀን ላይ ይመዘገባል። ስህተቱን ለማወቅ የዕለቱ ከፍተኛ ሙቀት የተመዘገበበትን ሰዓት ማየት ይበቃል። ፀሐያማ በሆነ ቀን ከፍተኛው ሙቀት ከቀትር በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደርሳል፤ ይህም በመሣሪያው አቆጣጠር ከ14:00 እስከ 16:00 ነው። መሣሪያው ከፍተኛውን ሙቀት በ09:00 አካባቢ ካሳየ የ6 ሰዓት ልዩነት አለ፤ በ03:00 አካባቢ ካሳየ ደግሞ የቀንና የሌሊቱ ምርጫ ተገላብጧል። ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ መሣሪያ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከተሞላ የኢትዮጵያን ሰዓት በ3 ሰዓት ያህል ወደ ኋላ ያሳያል።

መሣሪያዎቹ የሚከተሉት የአውሮፓውያንን የዘመን አቆጣጠር በመሆኑ ጳጉሜን አያውቁም። የወር ድምራቸውም ከእኛ ወር ጋር አይገጥምም። ለምሳሌ መሣሪያው «ጁላይ» ብሎ የሚደምረው ብዙውን ጊዜ ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ያለውን ዝናብ ነው። የሐምሌን ወር ዝናብ ማወቅ የሚፈልግ ተጠቃሚ የየዕለቱን ንባብ ራሱ ሊደምር ይገባል።

የመለኪያ አሃድም መረጋገጥ አለበት። ሙቀቱ «68» ከተባለ መሣሪያው በፋራናይት ተሞልቷል፤ በሴልሺየስ 20 ዲግሪ ማለት ነው። የዝናብ መጠን በኢንች ከተሞላ 1 ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። የነፋስ ፍጥነት በሴኮንድ በሜትር ከሆነ በሰዓት ወደ ኪሎ ሜትር ለመለወጥ በ3.6 ይባዛል።

3. የዝናብ መለኪያ

በአብዛኞቹ የቤት ጣቢያዎች ዝናቡ በፈነል ገብቶ በውስጡ ባሉ ሁለት ትንንሽ ማንኪያዎች ላይ ይንጠባጠባል። አንዱ ማንኪያ ሲሞላ ይገለበጥና ሌላው ቦታውን ይይዛል። መሣሪያው የሚቆጥረው ይህን መገልበጥ ነው፤ እያንዳንዱ ግልበጣ እንደ መሣሪያው ዓይነት 0.2 ሚሊ ሜትር ወይም ለዚህ የቀረበ መጠን ይወክላል። ዘዴው ቀላል ቢሆንም በጥቃቅን ምክንያቶች ይሰናከላል።

ሀ. ዝናብ እየጣለ ዜሮ ወይም አነስተኛ ንባብ ሲታይ። በበጋ የተጠራቀመ አቧራ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የወፍ ኩስና የሸረሪት ድር የፈነሉን ቀዳዳ ይደፍናሉ። ምልክቱ ዝናቡ ካባራ በኋላ መሣሪያው ለሰዓታት ጥቂት በጥቂት መቁጠሩ ነው፤ የታቆረው ውሃ ቀስ እያለ ይወርዳልና። በረዶ በሚጥልበት ጊዜም ፈነሉ በበረዶ ይሞላና ውሃው የሚቆጠረው በረዶው ሲቀልጥ ነው፤ ከአፉ የነጠረው በረዶ ግን ጨርሶ አይቆጠርም። በኃይለኛ ዶፍ ጊዜ ማንኪያው በሚገለባበጥበት ቅጽበት የሚፈስ ውሃ ስለሚያመልጥ መሣሪያው ከእውነተኛው ያነሰ መጠን ይመዘግባል። ይህ የመሣሪያው ተፈጥሯዊ ጉድለት እንጂ ብልሽት አይደለም።

ለ. ሳይዘንብ ዝናብ ሲመዘገብ። ምሰሶው በነፋስ ሲወዛወዝ፣ ወፍ ሲያርፍበት ወይም መሣሪያው ሲጸዳ ማንኪያው ሊገለበጥ ይችላል። የጤዛና የጉም ጠብታም አንድ ሁለት ግልበጣ ሊያስቆጥር ይችላል። በጠራ ሰማይ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ከተመዘገበ ምሰሶው በመወጠሪያ ሽቦ መጠናከር ይኖርበታል።

ሐ. የአተካከል ሁኔታ። መለኪያው በግንበኛ ውሃ ልክ ተለክቶ ፍጹም አግድም መሆን አለበት። ከዛፍ፣ ከግድግዳና ከጣሪያ ጠርዝ ቢያንስ የእነዚህን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል ሊርቅ ይገባል። 4 ሜትር ከፍታ ካለው ቤት 8 ሜትር ይራቅ ማለት ነው። በጠባብ ግቢ ይህን ማሟላት ካልተቻለ ጉድለቱ በመዝገቡ ላይ ይገለጻል። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተተከለ መለኪያ በነፋስ ስለሚጋለጥ ዝናብ ያመልጠዋል፤ ከቆርቆሮው የሚፈናጠቅ ውሃም ሊገባበት ይችላል።

መ. በቤት ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደ 1 ሊትር ውሃ ነው። በዚህ ስሌት ማንኛውም ተጠቃሚ መሣሪያውን መፈተሽ ይችላል።

• የፈነሉ አፍ ስፋት ይለካ። ለምሳሌ ዲያሜትሩ 16 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ግማሹ 8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 8 × 8 × 3.14 ሲሰላ 201 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አፉ አራት ማዕዘን ከሆነ ቁመቱ በወርዱ ይባዛል።
• በዚህ ስፋት ላይ 200 ሚሊ ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያህላል።
• ውሃው በስሪንጅ ተለክቶ በ30 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ጊዜ ቀስ ተብሎ ይንጠባጠብ። በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ውጤቱን ያዛባል።
• ንባቡ ከ9.5 እስከ 10.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ መሣሪያው ደህና ነው። ከዚህ ከወጣ ማንኪያዎቹ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዱና ፍተሻው ይደገም። ቅባት ወይም ዘይት ፈጽሞ መቀባት አይገባም፤ አቧራ ይስባልና።

ከዚህ በተጨማሪ ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት ያለው፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከመለኪያው አጠገብ ማስቀመጥ ጥሩ ዋስትና ነው። በጣሳው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ በማስመሪያ ሲለካ ጥልቀቱ በቀጥታ የዝናቡን መጠን በሚሊ ሜትር ይሰጣል። ጣሳው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ተለክቶ ይደፋል።

4. የሙቀት መጠን

የአየርን ሙቀት በትክክል ለመለካት ሴንሰሩ በጥላ ውስጥ፣ ነፋስ እንደ ልብ በሚያገኘው ቦታ፣ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በተቻለ መጠን በሣር ላይ መሆን አለበት። ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያርፍበት ሴንሰር የሚለካው የራሱን መጋል እንጂ የአየሩን ሙቀት አይደለም።

ከውጭ የሚመጡ ብዙ የአጠቃቀም መመሪያዎች «ሴንሰሩን በሰሜን በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ይስቀሉ» ይላሉ። ይህ ምክር ለአውሮፓ የሚሠራ እንጂ ለጎንደር የተሟላ አይደለም። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምትውለው ከአናታችን በስተሰሜን ነው። በእነዚህ ወራት የሰሜኑ ግድግዳ ፀሐይ ያገኘዋል። ስለዚህ በግድግዳ ላይ መተማመን ትቶ በሁሉም አቅጣጫ የሚከላከል፣ ነጭና ተደራራቢ ክንፎች ያሉት የጨረር መከላከያ መጠቀም ይገባል። በደጋማው አካባቢ የፀሐይ ጨረር ብርቱ በመሆኑ የፕላስቲክ መከላከያው በጥቂት ዓመታት ሊደበዝዝና ሊሰነጠቅ ይችላል። ነጭነቱን ያጣ መከላከያ ሙቀት ስለሚስብ ይቀየራል።

ሙቀትን የሚያዛቡ ሌሎች የተለመዱ ምክንያቶች የቆርቆሮ ክዳን፣ የሲሚንቶ ወለል፣ የማድ ቤት መስኮትና የእንጀራ ምጣድ የሚጣድበት ሥፍራ ናቸው። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ሙቀቱና እርጥበቱ አብረው ከፍ ካሉ ችግሩ የሴንሰሩ ሳይሆን የቦታው ነው።

ፍተሻው ከንጋት በፊት ቢደረግ ይመረጣል። በዚያ ሰዓት የፀሐይ ተጽዕኖ ስለሌለ፣ ከሴንሰሩ አጠገብ ለግማሽ ሰዓት የተሰቀለ አስተማማኝ ቴርሞሜትር ከመሣሪያው ጋር ከ1 ዲግሪ በላይ ሊለያይ አይገባም። ውሃ የማያስገባ ሽፋን ያለው ሴንሰር ከሆነ በተፈጨ በረዶና በንጹሕ ውሃ ድብልቅ ውስጥ ሲነከር 0 ዲግሪ ማሳየት ይኖርበታል። በፈላ ውሃ መፈተሽ ግን አይገባም። በጎንደር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ 100 ዲግሪ ይጠብቅ የነበረ ተጠቃሚ ደህና የሆነውን መሣሪያ ተበላሽቷል ሊል ይችላል።

5. የአየር እርጥበት

በክረምት ወራት ጉም በሚጋርድበት ጠዋት 99 በመቶ የሆነ ንባብ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሰማዩ ጠርቶ ሙቀቱ እየጨመረ ሳለ ንባቡ ከ99 በመቶ ካልወረደ ሴንሰሩ ውሃ ይዟል። መሣሪያው ወደ ቤት ገብቶ ለአንድ ቀን በደረቅ ክፍል ይቀመጥ። በእሳት ወይም በምጣድ አጠገብ ማድረቅ ሴንሰሩን ያበላሻል።

ለፍተሻ የገበታ ጨው ይጠቅማል። በትንሽ ክዳን ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጎ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ጥቂት ውሃ ማከል፣ ከዚያም ጨውንና ሴንሰሩን ሳይነካኩ በጥብቅ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ማስቀመጥ ነው። በዕቃው ውስጥ ያለው አየር እርጥበቱ ወደ 75 በመቶ ይሆናል። ሴንሰሩ ከ70 እስከ 80 በመቶ ካሳየ አገልግሎት ላይ ሊቆይ ይችላል። ከዚህ በሰፊው ከራቀ መተካት አለበት።

6. የአየር ግፊት

በከፍተኛ ቦታ የሚኖሩ ተጠቃሚዎችን አብዝቶ የሚያሳስበው ይህ ንባብ ነው። በባሕር ጠለል ላይ አማካይ የአየር ግፊት 1013 ሄክቶፓስካል ነው። ከፍታ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል። ከ2,000 እስከ 2,200 ሜትር ከፍታ ባላቸው የጎንደር ሰፈሮች ከ775 እስከ 795 ሄክቶፓስካል ያህል፣ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደባርቅ ደግሞ 715 ያህል መሆኑ ጤናማ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ሲታዩ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ወደ 1013 እንዲጠጋ ማስገደድ አይገባም።

መሣሪያዎች ሁለት ዓይነት ግፊት ያሳያሉ። አንደኛው በቦታው ያለው ግፊት ሲሆን ሁለተኛው ወደ ባሕር ጠለል ተሰልቶ የሚገለጸው ነው። ሁለተኛው ትክክል የሚሆነው የቦታው ከፍታ በትክክል ሲሞላ ብቻ ነው። በጎንደር ከፍታ የ10 ሜትር ስህተት ወደ 1 ሄክቶፓስካል የሚጠጋ ስህተት ያስከትላል። በእጅ ስልክ የሚገኝ የከፍታ ቁጥር በአስሮች ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል በተለያየ ቀን ደጋግሞ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ይሻላል።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው፣ በሞቃታማው የምድር ክፍል ግፊት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ማለቱ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓትና ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፤ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ይህ የዘወትር ሥርዓት በመሆኑ፣ ከቀትር በኋላ ግፊቱ ስለወረደ ብቻ ማሳያው የዝናብ ምስል ቢያወጣ ትንበያ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። በአንጻሩ ይህ ማዕበል በመዝገቡ ላይ በየቀኑ ከታየ ባሮሜትሩ ጤናማ መሆኑን ያረጋግጣል። ግፊቱ ቀኑን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ ከዋለ ሴንሰሩ ሞቷል።

7. ነፋስ

የነፋስ መለኪያ በግልጽ ሜዳ ላይ በ10 ሜትር ከፍታ ቢተከል ይመረጣል። በመኖሪያ ግቢ ይህ ስለማይቻል የሚገኘው ንባብ ከሜዳው ያነሰና የተቆራረጠ እንደሚሆን መቀበል ያስፈልጋል። ዛፎች እየተወዛወዙ ንባቡ ዜሮ ከሆነ የሚሽከረከሩት ኩባያዎች በአቧራ ወይም በሸረሪት ድር ተይዘዋል። በጣት ሲገፉ ያለ ድምፅ መዞርና ቀስ ብለው መቆም አለባቸው። አቅጣጫው ሁልጊዜ የተገላበጠ ከመሰለ በመሣሪያው ላይ ያለው የሰሜን ምልክት ወደ ደቡብ ዞሮ ተተክሎ ሊሆን ይችላል። አቅጣጫው በኮምፓስ ሲረጋገጥ ኮምፓሱ ከብረት ምሰሶው ጥቂት ሜትር መራቅ አለበት።

8. የባትሪ ድንጋይና ግንኙነት

የመረጃ መቋረጥ የሚታይበት ሰዓት መንስኤውን ይጠቁማል። በቅዝቃዜ ሌሊት ብቻ ከተቋረጠ የባትሪ ድንጋዩ ደክሟል፤ በበጋ ውርጭ በሚወርድባቸው የደባርቅና የዳባት አካባቢዎች ይህ ይበረታል። መብራት በጠፋ ቁጥር ከተቋረጠ ችግሩ ያለው ቤት ውስጥ ባለው ማሳያ ወይም በኢንተርኔት መሣሪያው ኃይል ላይ ነው፤ ኃይሉ ሲመለስም የማሳያው ሰዓትና ቀን መረጋገጥ አለባቸው። በድንጋይ ግንብ፣ በአርማታና በቆርቆሮ ውስጥ ምልክቱ ስለሚዳከም ማሳያውን ወደ መስኮት ማቅረብ ብዙ ጊዜ በቂ መፍትሔ ነው።

9. ከሌላ ጣቢያ ጋር ማነጻጸር

በጎንደር አካባቢ ለንጽጽር የሚቀርበው በአዘዞ በኩል በሚገኘው አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው፣ ወደ 1,970 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ ጣቢያ ነው። ንጽጽሩ ሦስት ነገሮችን ከግምት ማስገባት አለበት።

አንደኛ፣ የሙቀት መጠን በአማካይ በየ1,000 ሜትር ከፍታ ወደ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ከጣቢያው 150 ሜትር ከፍ ያለ ቤት በ1 ዲግሪ ያህል ቢቀዘቅዝ ስህተት አይደለም። ሁለተኛ፣ የክረምት ዝናብ ከደመና ወደ ደመና የሚለያይ በመሆኑ ማራኪ ዶፍ ሲወርድ አዘዞ ካፊያ ብቻ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ የአንድ ቀን ልዩነት ሳይሆን የወራት ድምር ይነጻጸር። የቤቱ ንባብ ወር ከወር ሁልጊዜ በአንድ ወገን ካዘነበለ መሣሪያው መመርመር አለበት። ሦስተኛ፣ የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች የ24 ሰዓት ዝናብ የሚለኩት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ የቤት መሣሪያ ግን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ይደምራል። ተመሳሳይ ዝናብ በሁለት የተለያዩ ቀኖች ላይ ሊመዘገብ እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

10. የተሳሳተ መረጃ አያያዝ

ከሁሉ በላይ ሊጠበቅ የሚገባው ደንብ «0» እና «አልተለካም» የተለያዩ መሆናቸው ነው። ዜሮ ማለት ተለክቶ ዝናብ አለመኖሩ የተረጋገጠበት ቀን ነው። ፈነሉ ተደፍኖ፣ ባትሪው አልቆ ወይም መሣሪያው ወድቆ የነበረበት ቀን ግን ባዶ ተትቶ «አልተለካም» ይባላል። ለአሥር ቀን የተደፈነ መለኪያ አሥር ዜሮ ከተጻፈለት መዝገቡ የሌለ ድርቅ ይናገራል፤ ይህንንም ከዓመታት በኋላ ማንም ሊያርመው አይችልም።

መሣሪያው የመዘገበው የመጀመሪያ ቁጥር አይሰረዝም። እርማቱ ከጎኑ፣ ከነምክንያቱና ከነቀኑ ይጻፋል። የጽዳት፣ የባትሪ ቅያሪ፣ የቦታ ለውጥና የፍተሻ ቀኖችም በአንድ ደብተር ይመዝገቡ። በግምት የሚሞላ ቁጥር ከባዶ ቦታ የከፋ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

11. የጥንቃቄ ማሳሰቢያ

በጎንደር ደጋማ ቦታዎች የክረምት መብረቅ ተደጋጋሚ ነው። ነጎድጓድ በሚሰማበት ጊዜ ወደ ጣሪያ መውጣትም ሆነ የብረት ምሰሶ መንካት ለሕይወት ያሰጋል። ምሰሶው ከኤሌክትሪክ መስመር ቢያንስ ከራሱ ቁመት የበለጠ ርቀት ላይ መተከል ይኖርበታል፤ የመሬት ሽቦ ዝርጋታውም በባለሙያ መሠራት አለበት።

12. የዓመቱ የክትትል ሥርዓት

• ግንቦት፦ ከክረምቱ መግቢያ በፊት የዝናብ መለኪያው ይጸዳ፣ በውሃ ይፈተሽ፣ አግድምነቱ በውሃ ልክ ይረጋገጥ፤ የባትሪ ድንጋይ ይቀየር።
• ከሰኔ እስከ መስከረም፦ ፈነሉ በየሳምንቱ፣ በረዶ ከጣለ ደግሞ በዚያው ቀን ይታይ። ንባቡ ከጣሳው ጋር ይነጻጸር።
• ጥቅምት፦ የክረምቱ መዝገብ ተጠቃልሎ በወረቀት ወይም በሌላ ቅጂ ይቀመጥ። የእርጥበት ሴንሰሩ በጨው ይፈተሽ።
• ከኅዳር እስከ ጥር፦ የቅዝቃዜ ሌሊቶች የባትሪ ሁኔታ ይከታተሉ፤ ሙቀቱ ከንጋት በፊት በቴርሞሜትር ይመሳከር።
• ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፦ የነፋስ ኩባያዎችና የጨረር መከላከያው ከአቧራ ይጽዱ።

ከላይ የተመለከቱት ፍተሻዎች ተደርገው ችግሩ ካልተፈታ መሣሪያውን ለባለሙያ ማሳየት ይገባል። የቤት ጣቢያ ንባብ የአካባቢን ሁኔታ ለማወቅ የሚረዳ ተጨማሪ መረጃ እንጂ የማስጠንቀቂያ ምንጭ አይደለም። የጎርፍ፣ የድርቅና የከባድ ዝናብ ትንበያና ማስጠንቀቂያ ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይከታተሉ። በትክክል የተያዘ የቤት መዝገብ ግን ለአካባቢው የግብርና ባለሙያም ሆነ ለተመራማሪ ሊጠቅም ስለሚችል፣ ከነጉድለቱ ማብራሪያ ተጠብቆ እንዲቆይ ይመከራል።